ቪፒኤኑ "ተገናኝቷል" ይላል፣ ኢሜይሉ ግን በቤት ዋይፋይ አልገባ አለኝ (ቢቸና)

የቢቸናዋ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ቀን ብቻዬን ታግዬ ሲያቅተኝ ነው የምጽፈው።

የምሠራው ደብረ ማርቆስ ነው፣ ሂሳብ ክፍል። እናቴ እግሯ ተሰብሮ ቢቸና ቤት ተኝታለች። አለቃዬ አንድ ወር ከቤት እንድሠራ ፈቀዱልኝ። ኢሜይላችን ቢሮ ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ ነው፣ ከውጭ ለማየት መጀመሪያ ቪፒኤን (ከሩቅ ወደ ቢሮው ኔትወርክ የሚያስገባ መንገድ) መግባት ያስፈልጋል። ላፕቶፑን የቢሮው አይቲ አስተካክሎ ነው የሰጠኝ። ቪፒኤኑም ዊንዶውስ ላይ ራሱ ያለው ነው፣ የተጫነ ሌላ ነገር የለም።

ችግሩ እንዲህ ነው። ቤት ዋይፋይ ላይ ሆኜ ቪፒኤኑን ስነካው ወዲያው "ተገናኝቷል" ይላል። አውትሉክን ስከፍት ግን ከታች "በመገናኘት ላይ" እያለ ይቆምና ፓስወርድ ይጠይቀኛል። አስገባለሁ፣ መልሶ ይጠይቀኛል። አሁንም አስገባለሁ፣ አሁንም ይጠይቀኛል። በስልኬ ሆትስፖት ስገባ ግን ያው ላፕቶፕ፣ ያው ፓስወርድ፣ ኢሜይሉ ይመጣል! በሆትስፖት እንዳልቀጥል ፓኬጁ በሁለት ቀን አለቀብኝ። የቤቱ ዋይፋይ ሲም የሚገባበት ራውተር ነው፣ ወርሃዊ ያልተገደበ ተሞልቶለታል።

አይቲውን ስደውልለት "በኛ በኩል ችግር የለም፣ ኢንተርኔቱን የሚሰጡሽን ጠይቂ" አለኝ። እነሱን ስጠይቅ "ኢንተርኔቱ ይሠራል፣ ቢሮሽን ጠይቂ" አሉኝ። ሐሙስ የወር መዝጊያ ነው፣ የጤፍ ግዢ ደረሰኞችን ስካን አድርጌ መላክ አለብኝ። እባካችሁ የሚያውቅ ካለ።

ጣና ዳር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:35

እህቴ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ስህተት 809 ይልሻል? ኤልቱቲፒ የሚባለው የዊንዶውስ ቪፒኤን ከራውተር ጀርባ ሲሆን ይሄን ቁጥር ማውጣት ይወዳል። እኔ ባሕር ዳር ዶርም ሆኜ አጋጥሞኝ ሬጅስትሪ (የዊንዶውስ የውስጥ ቅንብር) ውስጥ አንድ ቁጥር ቀይሬ ነው የተላቀቅኩት።

የቢቸናዋ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:41

አሜን። አይ፣ ምንም ቁጥር አያወጣም። ይገናኛል። ከተገናኘ በኋላ ነው ኢሜይሉ የማይመጣው።

አባይ ማዶ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:02

ለምን ራስሽን ታደክሚያለሽ? ከፕሌይስቶር ነፃ ቪፒኤን አውርጂና በሱ ሞክሪ። ካልሆነም አይቲውን የሚመጣልሽን ሁሉ ወደ ግል ጂሜይልሽ እንዲያዞርልሽ ንገሪው። ከሐሙስ በፊት ሥራሽ ያልቅልሻል።

ጮቄ ግርጌ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:20

አባይ ማዶ ወንድሜ፣ ለመርዳት እንደሆነ ይገባኛል፣ ግን ሁለቱንም አታድርጊ እላታለሁ።

እዚህ ቪፒኤን የሚለውን ቃል ብዙ ሰው የለመደው በ2015 ዓ.ም. ፌስቡክና ቴሌግራም በተገደቡ ጊዜ ነው። ያኔ ስልካችን ላይ የጫንነው ነፃ ቪፒኤን ትራፊካችንን ውጭ አገር ወደማናውቀው ሰርቨር ይወስደዋል። የቢሮ ቪፒኤን ሌላ ነገር ነው፣ እሱ የሚወስድሽ ደብረ ማርቆስ ቢሮሽ ውስጥ ነው። ነፃው አንድም ቀን ወደ ቢሮሽ ሰርቨር አያደርስሽም። ሁለቱ አንድ ላይ ከበሩ ደግሞ መንገዱን ይሻማሉ፣ የሚሠራውም ይበላሻል። የድርጅት የሂሳብ ደብዳቤ ወደ ግል ኢሜይል ማዞሩ ደግሞ ነገ ከነገ ወዲያ ኦዲት ሲመጣ አንቺን ነው የሚያስጠይቀው።

ሆትስፖት ላይ መሥራቱ ትልቅ ፍንጭ ነው። ፓስወርድሽ ትክክል ነው፣ ላፕቶፑም ደህና ነው፣ ሰርቨሩም አልተኛም። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ፓስወርዱን ደጋግመሽ አታስገቢ። አውትሉክ ሰርቨሩን ሲያጣውም ፓስወርድ ይጠይቃል፣ ተሳስተሻል ማለቱ አይደለም። ደጋግመሽ ስትሞክሪ አካውንትሽ እንዳይቆለፍ ነው የምፈራው።

እነዚህን ላኪልኝ፦ በቤት ዋይፋይ ላይ ሆነሽ፣ ቪፒኤኑ እንደተገናኘ፣ ጥቁሩን የትዕዛዝ መስኮት ክፈቺና የላፕቶፑን አይፒዎች (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥሮች) አሳዪኝ። ሁለት ይኖሩታል፣ የዋይፋዩና የቪፒኤኑ። ከዚያ የሜይል ሰርቨሩን በስሙ ፒንግ አድርጊና ("አለህ ወይ?" ብሎ መጥሪያ ነው) የሚመልሰውን ቃል በቃል ጻፊልኝ። አጻጻፉን በፎቶ አያይዤልሻለሁ።

የቢቸናዋ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

እሺ አደረግኩ። የዋይፋዩ 192.168.1.23 ነው። የቪፒኤኑ 10.10.10.6 ነው። ሰርቨሩን በስሙ ስጠራው 192.168.1.10 ብሎ አገኘው። ቀጥሎ ግን አራት ጊዜ ይሄን አለ፦ "ምላሽ ከ192.168.1.23፦ መድረሻው ሊደረስበት አልቻለም"። እንግሊዝኛውን ወደኛ መልሼ ነው የጻፍኩት።

ጮቄ ግርጌ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4:12

ተገኘ! እህቴ፣ ያ መልስ ከማን እንደመጣ እይው። 192.168.1.23 የራስሽ ላፕቶፕ ነው። "ፈለግኩት፣ እዚህ የለም" እያለ ያለው ራሱ ላፕቶፕሽ ነው። ጥያቄው ገና ከቤት አልወጣም፣ ቪፒኤኑንም አልነካውም።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የቢሮሽ ኔትወርክ 192.168.1 ብሎ ይጀምራል። የቤትሽ ራውተርም 192.168.1 ብሎ ይጀምራል። ቀበሌ 03 ውስጥ ቁጥር 10 የሚባል ቤት አለ፣ ቀበሌ 05 ውስጥም ቁጥር 10 የሚባል ቤት አለ እንበል። ቀበሌውን ሳትጠሪ አንዱን ሕፃን "ቁጥር 10 አድርስ" ብትይው ወደ ሌላ ቀበሌ አይሄድም፣ እዚያው ሰፈሩን ነው የሚያስሰው። ላፕቶፑም ሰርቨሩ 192.168.1.10 ነው ሲባል "ይሄማ እዚሁ ቤት ውስጥ ነው" ይልና ሳሎናችሁ ውስጥ ይፈልገዋል። ቪፒኤኑ ክፍት ቢሆንም ቅርብ የሚመስለው መንገድ ይቀድማል። ስሙን ወደ ቁጥር መለወጡ በደንብ ሠርቷል፣ ስለዚህ ዲኤንኤሱ ንጹሕ ነው።

ስልክሽ ሆትስፖት ሲሆን ሌላ ቁጥር ነው የሚሰጠው። ብዙ የቆየ አንድሮይድ ላይ 192.168.43 ነው። ከቢሮው ጋር ስለማይጋጭ ሠራልሽ።

መፍትሔው የቤቱን ራውተር ቁጥር መቀየር ነው። ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 ብለሽ ግቢ፣ የላን (የቤት ውስጥ ኔትወርክ) ቅንብር የሚለውን ፈልጊ፣ የራውተሩን አይፒ 192.168.77.1 አድርጊና ሴቭ በይ። ራውተሩ ራሱን ያጠፋና ይነሳል። ከዚያ በኋላ የራውተሩ ገጽ የሚከፈተው በአዲሱ ቁጥር ነው፣ በአሮጌው ፈልገሽ ጠፋ ብለሽ እንዳትደነግጪ። ላፕቶፑንም ከዋይፋዩ አውጥተሽ መልሰሽ አስገቢው።

ዳሞት | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:15

ልጆቼ፣ እኔ በዚህ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ አሁን ፍኖተ ሰላም ተቀምጫለሁ። ጮቄ ግርጌ ያለው ልክ ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ የተተዉ አድራሻዎች ሦስት ምድብ ናቸው፣ በ1996 እ.ኤ.አ. በወጣ ሰነድ የተደነገጉ። በ10 የሚጀምሩት ሁሉ፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት፣ እና በ192.168 የሚጀምሩት። ይህ ሁሉ ሰፊ ሜዳ እያለ የራውተር ፋብሪካዎች ብዙዎቹ 192.168.1ን ወይም 192.168.0ን ያስቀምጣሉ፣ ቢሮ የሚያቋቁመውም ሰው ካርቶኑን ከፍቶ እንዳለ ይሰካዋል። ስለዚህ ይሄ ግጭት የዚች ልጅ ብቻ አይደለም። ሠራተኛ ከቤት እንዲሠራ የሚፈልግ ቢሮ ገና ከመጀመሪያው ለየት ያለ ቁጥር መያዝ አለበት። የሠራተኛውን ሁሉ ቤት እየዞሩ ራውተር ከመቀየር የቢሮውን አንዴ መቀየር ይሻላል። ግን ሐሙስ ደርሷል፣ ለአሁኑ የቤቱን ቀይሪ።

የቢቸናዋ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 4:40

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ጮቄ ግርጌ፣ አንተንም እግዜር ይስጥህ።

ራውተሩ ቡፌው ላይ፣ እናቴ በሠራችው ዳንቴል ላይ ነው የተቀመጠው። የመግቢያው ፓስወርድ ከሥሩ ወረቀት ላይ ተጽፏል፣ ጽሑፉ ደብዝዟል። ገልብጬ በስልክ መብራት አንድ በአንድ ለቀምኩት፣ 8ቷን ቢ አድርጌ ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። ከገባሁ በኋላ ግን እንዳልከው ነበር። 77 አደረግኩት። ጠፍቶ ተነሳ። ቪፒኤኑን ከፈትኩ፣ አውትሉክን ከፈትኩ፣ የሦስት ቀን ኢሜይል እንደ ጎርፍ ገባ! እናቴ ከአልጋዋ ሆና "ምን አግኝተሽ ነው?" አለችኝ።

አባይ ማዶ | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 5:00

እንኳን ደስ አለሽ። እኔም ዛሬ አንድ ነገር ተማርኩ፣ ስለ ነፃው ቪፒኤን ያልኩትን ተዪው።

የዳንግላ መምህር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8:25

ይቅርታ ክሩን ላቋርጥባችሁ፣ የኔም ተመሳሳይ ስለመሰለኝ ነው። እኔ ቪፒኤኑ ራሱ አያስገባኝም። ፓስወርድ ካስገባሁ በኋላ ስልኬ ላይ ያለው አፕ የሚያወጣውን ባለ 6 አኃዝ ቁጥር ይጠይቃል። አስገባለሁ፣ "የተሳሳተ ኮድ" ይለኛል። አፑን አጥፍቼ ጫንኩ፣ ያው ነው። እስከ ባለፈው ሳምንት ይሠራ ነበር።

ጮቄ ግርጌ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:10

መምህር፣ የስልክዎ ሰዓት አሁን ስንት ይላል?

የዳንግላ መምህር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:14

9:14 ይላል። ልጄ ባለፈው ሳምንት በሀበሻ ሰዓት አስተካክሎልኛል።

ጮቄ ግርጌ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:22

እሱ ነው። ያ ኮድ የሚሰላው ከሰዓቱ ነው፣ ብዙውን ጊዜ በየ30 ሰከንዱ ይቀየራል። ሰርቨሩ አሁን ሰዓቱ 15:14 ነው ብሎ የሚጠብቀውን ኮድ እርስዎ ከሌላ ሰዓት አውጥተው ነው የሚሰጡት። በሀበሻና በፈረንጅ አቆጣጠር መካከል 6 ሰዓት አለ። ኮዱ በጥቂት ደቂቃ ልዩነት እንኳ አይገጥም። ሰዓቱን "በራሱ ይስተካከል" የሚለው ላይ ያድርጉት፣ የሰዓት ክልሉ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ሲደመር 3 ይሁን። የሀበሻ ሰዓት ማየት ከፈለጉ ለብቻው የሚያሳይ የኢትዮጵያ ሰዓት አፕ አለ፣ እሱ የስልኩን ዋና ሰዓት አይነካም።

ዳሞት | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9:40

ይሄ ነገር ኮምፒውተርም ላይ አለ። አንድ ቢሮ ሄጄ፣ ኢሜይሉ "የደኅንነት ምስክር ወረቀቱ ገና አልጸናም" ይላል ብለው ጠሩኝ። ቀኑን ባየው በእኛ ዓመተ ምሕረት ነው የተሞላው። የፈረንጁ መቁጠሪያ ላይ የእኛን ዓመት ስትሞላበት ማሽኑ 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ ይሄዳል። ምስክር ወረቀቱ እነሱ በደረሱበት ቀን ገና አልተወለደም። ቦርዱ ላይ ያለችው ትንሿ ባትሪ ስትደክምም መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ይጠፋል፣ ባትሪዋን መቀየር ነው።

የዳንግላ መምህር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10:05

ገባሁ! ተባረኩ። ልጄንም አስተምረዋለሁ።

የቢቸናዋ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:30

ወገኖቼ አሁንም አልጨረስኩም። ኢሜይል ይመጣል፣ አጭር ጽሑፍ ብልክም ይሄዳል። ደረሰኞቹን አያይዤ ለመላክ ስሞክር ግን የመላኪያ ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል። 23 ደረሰኝ በአንድ ፒዲኤፍ፣ 6 ሜጋ ባይት ነው። ትላንት ማታ 4 ሰዓት ላይ "ላክ" ብዬ ተኛሁ፣ ዛሬ ጠዋት ስነሳ እዚያው አለ። ከቢሮ ወደኔ የሚላክ ትልቅ ፋይል ግን ያለ ችግር ይወርዳል። አሁን ሳስበው በሆትስፖትም ትልቅ ፋይል አልሄድ ብሎኝ ነበር፣ የኔትወርክ መድከም መስሎኝ ነው ያልነገርኳችሁ።

ጣና ዳር | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:45

ሰርቨሩ የፋይል መጠን ገድቦ ይሆናል። ብዙ ቢሮ ከተወሰነ ሜጋ ባይት በላይ አይቀበልም።

ጮቄ ግርጌ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4:00

ቢገድብማ "ትልቅ ነው" ብሎ መልሶ ይጽፍላት ነበር። ዝም ብሎ መንጠልጠሉ ሌላ ነው። አጭሩ ይሄዳል፣ ትልቁ ይንጠለጠላል፣ ያውም ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ፤ ይሄ የኤምቲዩ (መንገዱ በአንዴ የሚያሳልፈው ትልቁ የፓኬት መጠን) ጠባይ ነው።

ኮምፒውተር ትልቅ ፋይልን እንዳለ አይልከውም፣ ፓኬት እያደረገ ይቆራርጠዋል። የተለመደው ትልቁ ፓኬት 1500 ባይት ነው። ቪፒኤኑ ደግሞ እያንዳንዱን ፓኬት መልሶ በራሱ መሸፈኛ ይጠቀልለዋል፣ ያኔ ይወፍራል። የጫንሽው አህያ በግቢው በር አላልፍ እንደሚለው ነው፤ አህያዋ ብቻዋን ታልፋለች፣ ከነጭነቷ ግን ጎንና ጎኑ ይይዛታል። ጨዋ መንገድ ቢሆን "ጠባብ ነው፣ ቀንሰህ ላክ" የሚል መልእክት ይመልሳል። አንዳንድ ቦታ ግን ያንን መልእክት ይዘጉታል፣ ወይም ለሁለት የተቆረጠውን ፓኬት ይጥሉታል። ላፕቶፕሽ ምንም ስለማይነገረው ያንኑ ትልቅ ፓኬት ደግሞ ደጋግሞ ይልካል።

እንለካው። ቪፒኤኑ ውስጥ ሆነሽ ሰርቨሩን ፒንግ አድርጊ፣ "አትቁረጥ" የሚለው ምልክት ይግባበት፣ መጠኑን ከ1400 ጀምረሽ እየቀነስሽ ውረጂ። ሁለት ዓይነት መልስ ስለምታገኚ ለይተሽ ጻፊልኝ። "መቆረጥ አለበት" ካለሽ ላፕቶፑ ራሱ ነው የከለከለው። "ጊዜው አለፈ" ካለሽ ግን ወጥቶ መንገድ ላይ ጠፍቷል።

የቢቸናዋ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 5:20

1400፦ መቆረጥ አለበት። 1380፦ መቆረጥ አለበት። 1372፦ ጊዜው አለፈ። 1350፦ ጊዜው አለፈ። 1330፦ ጊዜው አለፈ። 1320፦ ምላሽ መጣ! አራቱም። 1300ም ይመጣል።

ጮቄ ግርጌ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 5:31

ቆንጆ ለክተሻል። በ1330 እና በ1320 መካከል ነው በሩ የሚጠብበው። የፒንግ ቁጥር ላይ 28 ባይት የራስጌ (ፓኬቱ ፊት ላይ የሚጻፈው አድራሻና ምልክት) ይደመራል፣ ስለዚህ 1320 ማለት 1348 ነው። ላፕቶፕሽ ግን እስከ 1400 ይበቃኛል ብሎ ነው የሚልከው፣ 1372 እና 28 ስትደምሪ 1400 ይመጣልሻል። ከ1348 በላይ የሆነው ሁሉ መንገድ ላይ ይቀራል።

የላፕቶፕሽን ቁጥር ወደ 1300 ማውረድ ይቻላል፣ ግን ቪፒኤኑን ዘግተሽ ስትከፍቺው ሊመለስብሽ ይችላል። ይሄ ቢሮው ውስጥ ቢስተካከል ነው የሚሻለው።

ዳሞት | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 5:50

ልጄ፣ ለአይቲው "አልሠራ አለኝ" ብለሽ አትደውዪለት። እሱም ሥራ የበዛበት ሰው ነው፣ እንዲያ ካልሽው ያው "በኛ በኩል ችግር የለም" ይልሻል። ቁጥሩን ስጪው። እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፦ "በቪፒኤን ውስጥ ከ1348 ባይት በላይ የሆነ ፓኬት አይደርስም፣ ለክቼዋለሁ፣ ፎቶው ተያይዟል። ቪፒኤኑን የሚቀበለው ራውተር ላይ የቲሲፒውን ኤምኤስኤስ 1260 ላይ ቢገድቡልኝ።" ኤምኤስኤስ ማለት ከራስጌው ውጭ በአንድ ፓኬት የሚጫነው ትልቁ የመረጃ መጠን ነው፣ 1260 ያልኩት ከ1300 ላይ 40 የራስጌ ተቀንሶ ነው። ይሄ ሲደረግ ሁለቱም ወገን ገና ሲተዋወቁ በትንሹ ይስማማሉ፣ ላፕቶፕሽ ላይ ምንም መንካት አያስፈልግም። ሌሎቹም ቅርንጫፎች ይጠቀማሉ።

የቢቸናዋ | ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:15

ጋሼ፣ ቃል በቃል እርስዎ እንዳሉት ጻፍኩለት። በ10 ደቂቃ ውስጥ እሱ ራሱ ደወለልኝ! "ይሄን ማን ለካልሽ?" አለኝ። እኔ ነኝ አልኩት። ሞጣ ያለችው ባልደረባችንም ሁለት ወር ሙሉ ፋይል አልሄድ ብሏት በፍላሽ እየጫነች በመኪና እንደምትልክ ነገረኝ። እሷ ዘንድም ይሄው ሳይሆን አይቀርም አለ። ማታ ሰው ሲወጣ እቀይረዋለሁ ብሏል።

የቢቸናዋ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:20

ቀይሮታል። አሁን ቡና እየተፈላ ላፕቶፑን ከፈትኩ። 23ቱ ደረሰኝ የመላኪያ ሳጥኑ ውስጥ እንደተቀመጠ ነበር። ቪፒኤኑን አስገባሁ። አረንጓዴዋ መስመር ትንሽ ሄደች፣ ቆመች፣ ልቤ ቀጥ አለ፣ ደግሞ ሄደች። ሳጥኑ ባዶ ሆነ። አለቃዬ "ደርሶኛል" ብለው መለሱልኝ። የሞጣዋም ደውላልኝ ነበር፣ የሷም ሄዷል።

አይቲው ደግሞ የቢሮውን አድራሻ ከ192.168.1 እንደሚያወጣው ነግሮኛል፣ ቅዳሜ ሰው በሌለበት። ቁጥሩን ምን ላድርገው ብሎ እኔን ጠየቀኝ። ጋሼ፣ በ10 ከሚጀምሩት የትኛውን ልበለው?

ዳሞት | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:45

መሃሉን ሰው ቶሎ የማያስበውን ያድርግ፣ 10.83.20 ዓይነት። 10.0.0ንና 10.1.1ን ይተዋቸው፣ እነሱም የተለመዱ ናቸው። ቪፒኤኑ የሚያድለው 10.10.10 ስለሆነ ከእሱም ጋር አይጋጭ። ፕሪንተሮቹና ሰርቨሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ቁጥር ካለ ከመቀየሩ በፊት ወረቀት ላይ ይመዝግብ። እናትሽን ሰላም በይልኝ።

የቢቸናዋ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:52

እነግረዋለሁ። እናቴም ሰላም ብላለች፣ ዛሬ በክራንች እስከ ደጅ ወጥታለች።